ሃምሳ ሎሚ በአንድ ጋሪ

ባለሱቅ ማለት ደንበኛ የሚጠራ ሰው ነው። «ግባ፣ ግባ፤ ምን ልስጥህ?» ይላል። መርካቶ ሲደርስማ ከመጥራትም አልፎ እጅ ይዞ ይጎትታል። አሜሪካ ውስጥ ግን በሩ ላይ ሰው አቁሞ «ካርድዎን ያሳዩ» የሚል፣ ኮስትኮ የተባለ ሱቅ አለ። ካርዱ በዓመት 65 ዶላር ያስከፍላል። በዚህ 65 ዶላር ሽንኩርት አይገኝም፣ ዘይትም አይገኝም፤ የሚገኘው ሽንኩርትና ዘይት የመግዛት ፈቃድ ነው። ይህን አሠራር ለአንዲት የጉልት ነጋዴ የሚያስረዳ ሰው ቢኖር መጀመሪያ ትስቅበታለች፤ ቀጥላ «እስቲ ድገመው» ትለዋለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ማሰብ ትጀምራለች፤ ነጋዴ ናታ! ነገሩ የሞኝ ገበያ ቢመስልም አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ለኮስትኮ ይህን ከሚከፍሉት ሰዎች ከ100ው 92 ያህሉ ዓመቱ ሲሞላ ተመልሰው ይከፍላሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሜሪላንድና ከቨርጂንያ እስከ ሲያትል ሰፊ ጋሪ እየገፋ የሚታየው ሀበሻም ከእነሱ ጋር ነው። «ካርድ አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ አዲስ መጤ ከሚጠየቃቸው የመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ እየሆነ ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱን የጠየቁት ሲመስለው የአስቤዛውን ሆኖ ያገኘዋል። እንግዲህ ይህ ካርድ እውነት ገንዘብ ያተርፋል ወይ? ያተርፋል። ግን ትርፉ የሚለካው ሱቁ ውስጥ አይደለም፤ ቤት ተገብቶ፣ ፍሪጁ ተከፍቶ፣ ማዕዱ ዙሪያ ስንት አፍ እንዳለ ተቆጥሮ ነው።

ካርዱ ከየት እንደመጣ ማወቅ ግማሹን ነገር ያስረዳል። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ።) በ1976 ሶል ፕራይስ የሚባል ነጋዴ ሳን ዲዬጎ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ቀድሞ ለአውሮፕላን ሥራ ያገለግል በነበረ ሕንፃ ፕራይስ ክለብን ከፈተ። ደንበኞቹ እንደ ዛሬው ልጅ ጋሪ ላይ አስቀምጠው የሚዞሩ ባልና ሚስት አልነበሩም። ምግብ ቤት ያላቸው፣ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ቢሮ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ነበሩ፤ በዓመት 25 ዶላር እየከፈሉ ዕቃ በጅምላ ይወስዳሉ፣ ወስደው ይቸረችራሉ ወይም አብስለው ይሸጣሉ። በወጣትነቱ በሶል ፕራይስ የቀድሞ መደብር ፍራሽ ከመኪና በማውረድ ሥራ የጀመረው ጂም ሲኔጋል ከጄፍሪ ብሮትማን ጋር ሆኖ በ1983 ሲያትል ላይ ኮስትኮን ከፈተ። በዚያው ዓመት ሳም ዋልተን የሚባል ሌላ ነጋዴ ሳምስ ክለብ የተባለውን ተመሳሳይ የአባላት ሱቅ ኦክላሆማ ውስጥ ሚድዌስት ሲቲ ላይ አስጀመረ። ፕራይስ ክለብና ኮስትኮ በ1993 ተጋቡ። ከዚህ ታሪክ ልብ የሚባለው አንድ ነገር ነው፦ ማሸጊያው የተለካው በባለሱቅ ሆድ ነው። የቲማቲሙ ድልህ ጣሳ፣ የማዮኔዙ ባልዲ፣ የሩዙ ጆንያ፣ ሁሉም ሲነደፍ የታሰበለት ሰው ቢያንስ አርባ ሳህን የሚያቀርብ ሰው ነበር። በኋላ በሩ ለሁላችን ተከፈተ፤ ጣሳው ግን አላነሰም።

የሱቁን ዋጋ ለማማት የተነሳ ሰው ቢጠነቀቅ ይሻላል፤ ዋጋው እውነትም ዝቅ ያለ ነውና። ኮስትኮ ታዋቂ ስም ባለው ዕቃ ላይ ከ14 በመቶ በላይ፣ ኪርክላንድ በሚለው በራሱ ስም በሚሸጠው ላይ ደግሞ ከ15 በመቶ በላይ ትርፍ ላለመጨመር ለራሱ ሕግ አውጥቷል። ተራው ሱፐርማርኬት ከዚህ ብዙ ይጨምራል። ኮስትኮ ውስጥ ያለው የዕቃ ዓይነት 4,000 ገደማ ነው፤ ተራው ሱፐርማርኬት 30,000 እና ከዚያ በላይ ይደረድራል። አንድ ሰው ኬቻፕ ሊመርጥ ቢገባ ኮስትኮ የሚያሳየው አንድ ወይም ሁለት ነው፤ ውሰድ ወይም ተው። ዕቃው ከጭነት መኪና ሲወርድ በተጫነበት የእንጨት ርብራብ ላይ እንዳለ ይሸጣል፤ አንድ በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚኮለኩል ሠራተኛ ደመወዝ የለም። ታዲያ ድርጅቱ በምን ይኖራል? በካርዱ ነው። በ2024 የበጀት ዓመቱ ከአባልነት ክፍያ ብቻ 4.8 ቢሊዮን ዶላር ሰብስቧል፤ ወለድና ግብር ሳይነካው ከሥራው ያገኘው ትርፍ በጠቅላላው 9.3 ቢሊዮን ገደማ ነበር። የካርዱ ገንዘብ የትርፉን ግማሽ ያህላል ማለት ነው። ለካርዱ ደግሞ መጋዘን አያስፈልግም፣ አይበላሽም፣ አይሰበርም፤ አንድ ብጣሽ ፕላስቲክ ነው። ነጋዴ ከሽንኩርት ይልቅ ሽንኩርት የመግዛት ፈቃድ ሲሸጥ ይበልጥ ያተርፋል፤ ያቺ የጉልት ነጋዴ ሦስተኛው ላይ ዝም ያለችው ይህ ገብቷት መሆን አለበት።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ካርዱ 65 ዶላር ነው። ሱቁ ሌላ ቦታ ከሚገዛበት ዋጋ አሥር በመቶ ይረክሳል ብንል፣ ካርዱ ራሱን የሚከፍለው በዓመት 650 ዶላር አስቤዛ ላይ ነው። በወር 54 ዶላር መሆኑ ነው። አምስት በመቶ ብቻ ይረክሳል ብንል እንኳ በወር 108 ዶላር ይበቃል። ልጆች ያሉት ቤት ይህን በሁለት ጉዞ ይጨርሰዋል። ከዚህ ከፍ ያለው ካርድ 130 ዶላር ነው፤ በዓመቱ ከተገዛው ላይ ሁለት በመቶውን ይመልሳል። ይህ ሁለት በመቶ የእኛው ምርቃት ነው፤ ገበያ ላይ «መርቂልኝ እንጂ» ሲባል ከላይ ጣል የምትደረገዋ ሽንኩርት። ልዩነቱ፣ እዚህ ምርቃቱን ለማግኘት አስቀድሞ ተጨማሪ 65 ዶላር መክፈል ያስፈልጋል፤ ያ 65 ዶላር ራሱን እንዲመልስ ደግሞ በዓመት 3,250፣ በወር 271 ዶላር ያህል ማውጣት ግድ ነው። እስከዚህ ድረስ ወረቀት ላይ ካርዱ ያሸንፋል፤ ለብዙ ቤት በቀላሉ ያሸንፋል። እዚህ ላይ ግን ሰው ሁሉ ሳያስተውል የሚያልፋት አንዲት ቃል አለች። አሥር በመቶ የሚተረፈው ሌላ ቦታ *ሊገዛ ከነበረው* ዕቃ ላይ ነው። ሊገዛ ካልነበረ ዕቃ ላይ አሥር በመቶ ተረፈ የሚል ሰው ዘጠና በመቶ አወጣሁ ማለቱ ነው፤ ቤት ሲገባ ግን «ይህን ያህል አተረፍኩ» እያለ ነው የሚያወራው፤ ማን ያርመዋል?

ሊገዛ ያልነበረው ዕቃ ደግሞ ጋሪው ላይ የሚወጣው በአጋጣሚ አይደለም። እንቁላልና ወተት ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የግድግዳ ግማሽ የሚያህል ቴሌቪዥን ነው። ቀጥሎ ብርድ ልብስ፣ የጓሮ ወንበር፣ እንደ ወቅቱም የገና ዛፍ፤ ያውም መስከረም ሳይጠባ ጀምሮ። በየመተላለፊያው ምን የት እንዳለ የሚነግር ሰሌዳ የለም፤ ለማግኘት መዞር ግድ ነው፤ መዞር ማየት፣ ማየት ደግሞ መመኘት ነው። ወተቱ ከኋላ ነው። የተጠበሰው ዶሮ ከኋላ ነው። ያ ዶሮ ከ2009 ጀምሮ 4 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነው፤ ዋጋው እንዳይነቃነቅ ድርጅቱ በ2019 ኔብራስካ ውስጥ የራሱን የዶሮ ማቀነባበሪያ እስከማቋቋም ደርሷል። ሆት ዶግ ከነለስላሳው ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ 1 ዶላር ከ50 ነው፤ መሥራቹ ሲኔጋል ዋጋ ይጨመር ያለውን የራሱን ኃላፊ እገድልሃለሁ ብሎ እንዳስፈራራው እስከዛሬ እየተሳቀ ይወራል። (ሆት ዶጉ የበሬ ሥጋ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ካልሆነ የሚያስፈራ ነገር የለውም።) አንድ ነጋዴ ዶሮና ሆት ዶግ ላይ ይህን ያህል የሚጨክነው ለእኛ አዝኖ ነው የሚል ካለ ደግ ሰው ነው፤ እግዜር ይጠብቀው። ለዶሮው የመጣ ሰው እስከ ኋላው ግድግዳ ሄዶ ይመለሳል፤ በመንገዱም የቅምሻ ጠረጴዛ ያጋጥመዋል፣ ቀምሶም ዝም ብሎ መሄድ ያሳፍረዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚገፋው የተከፈለው 65 ዶላር ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ካርድ የያዘ ሰው ሹመት የያዘ ሰው ነው፤ ዓመቱ ከማለቁ በፊት መብላት አለበት። ክፍያው እንዲወጣለት ይሄዳል፣ ሲሄድ ይገዛል፣ ሲገዛ ደግሞ ክፍያው የወጣለት ይመስለዋል።

በ2018 ጆርናል ኦፍ ማርኬቲንግ ሪሰርች ላይ የታተመ፣ ኩሱም አይላዋዲና ባልደረቦቿ የሠሩት ጥናት ይህን ከሆድ በኩል አይቶታል። ከእንዲህ ዓይነት የአባላት መደብር መገብየት የጀመሩ ቤተሰቦች በነፍስ ወከፍ የሚገዙት የታሸገ ምግብ ካሎሪው፣ ስኳሩም፣ ስቡም እንደሚጨምር አሳዩ። አንድ ካርቶን ብስኩት ያለበት ቤትና አንድ ፓኮ ብስኩት ያለበት ቤት አንድ ዓይነት አይበሉም፤ ይህን ለማወቅ ጥናት ባያስፈልግም፣ ጥናቱ ሲመጣ ግን «እኛ ቤት እንኳ እንዲህ አይደለም» የሚለውን መልስ ጸጥ ያሰኛል። የተረፈው ደግሞ ይጣላል። አንድ ሰው ብቻውን የሚኖርበትን ስቱዲዮ ቤት እናስብና ባለ 10 ፓውንድ የሽንኩርት ከረጢት እናስገባበት። ዋጋው 8 ዶላር ይሁን፤ ሰፈር ያለው ሱቅ ደግሞ ፓውንዱን በ1 ዶላር ከ20 ይሽጥ። ከረጢቱ ላይ ፓውንዱ 80 ሳንቲም መጣ፤ ሲሶ ቅናሽ፣ እሰየው። ሰውየው ማታ ማታ ሥራ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ብቻ ያበስላል። ስድስት ፓውንድ ያህሉን ከተፈ። ሌላው ከከረጢቱ ሥር ጅራት አወጣ፣ ጅራቱ አረንጓዴ ሆነ፣ ከሥር ያለው ረጠበ፣ የረጠበው ጎረቤቱን አበላሸ፤ አንድ ማታ ሽታው ሲመጣ ከረጢቱ ከነቀሪው ወጣ። 8 ዶላሩን ለተበላው 6 ፓውንድ ብናካፍለው ፓውንዱ 1 ዶላር ከ33 ሆነ። ሰፈር ሱቅ 6 ፓውንድ ቢገዛ 7 ዶላር ከ20 ይበቃው ነበር። 80 ሳንቲም አብልጦ ከፍሎ አራት ፓውንድ ቆሻሻ ተሸከመ፣ ያውም ሁለት ጊዜ፤ ወደ ላይ ሲያወጣና ወደ ታች ሲያወርድ። ሽንኩርት ደግሞ ከሁሉም ታጋሹ ነው፤ ሰላጣና ቆስጣ ቢሆን ሳምንቱንም አይጨርስ ነበር። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ከአገሪቱ ምግብ ከ30 እስከ 40 በመቶው እንደሚባክን ይገምታል፤ ይህ ሁሉ የጅምላ ሱቅ ጥፋት ነው ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ግን በአንድ ሰው ቤት ባለሱቅ የሚያህል ከረጢት ማስገባት ያንን ቁጥር አይቀንሰውም። የእኛ ሰዎች ይህን አስቀድመው ብለውታል፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

ተቃዋሚው እዚህ ላይ «እሺ፣ የማይበሰብሰውን ልግዛ» ይላል። ልክ ነው። ሶፍት አይበሰብስም፤ ሳሙና፣ የቆሻሻ ከረጢት፣ ባትሪ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ጨው፣ ሩዝ። ካርዱ እውነተኛ ገንዘብ የሚያተርፈው እነዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ክርክር የለኝም። ችግሩ ማን ነው እነዚህን በብዛት መግዛት የሚችለው የሚለው ነው። ተመራማሪዎቹ የሺም ኦርሁንና ማይክ ፓላዞሎ ከ100,000 በላይ የአሜሪካ ቤተሰቦችን የሶፍት ግዢ ተከታትለው፣ ገቢያቸው ዝቅ ያለ ቤተሰቦች በብዛት መግዛትም ሆነ ቅናሽ በወጣበት ጊዜ መግዛት እንደሚከብዳቸው አሳይተዋል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ዛሬ 25 ዶላር ለሶፍት የሚያወጣ ሰው ዛሬ 25 ዶላር ትርፍ ያለው ሰው ነው። ላዩ ላይ 65 ዶላር ቅድመ ክፍያ፣ ጋሪውን የሚጭንበት መኪና፣ ሠላሳ ጥቅሉን የሚያስቀምጥበት ቁምሳጥን ይጨመርበት። ከሌሎች ጋር ክፍል ተጋርቶ የሚኖር፣ በአውቶቡስ የሚሄድ አዲስ መጤ ሶፍቱን የት ያኖረዋል? አልጋው ሥር ካኖረው ሻንጣው የት ይገባል? ለሶፍት ስንት ኪራይ እንደሚከፍል ቢያሰላ ይደነግጥ ነበር። የቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፤ ቆጡማ እዚህ አገር እውነተኛ ነው፣ በፎርክሊፍት ነው የሚወርደው።

«ቤንዚኑን ግን ምን ትላለህ?» የሚል ደግሞ አለ፤ ይህ ጠንካራው መልስ ነው፣ በተለይም ታክሲና ኡበር ለሚነዳው ወገን። የአባላቱ ማደያ ብዙ ጊዜ ከጎረቤቱ ይረክሳል፤ አካባቢና ቀን ይለያያል እንጂ። በጋሎን 20 ሳንቲም ረከሰ እንበል። አንድ ሾፌር በሳምንት ሦስት ጊዜ 15 ጋሎን ይሞላል፤ በሳምንት 9 ዶላር፣ በዓመት 468 ዶላር ይተርፈዋል። ካርዱን ሰባት ጊዜ ይከፍላል። አሁን ወረፋውን እንቁጠር፤ ያ ማደያ ወረፋ እንዳለው ለማንም አይነገርም። በአንድ ጊዜ 20 ደቂቃ ከጠበቀ በሳምንት አንድ ሰዓት ነው። ሾፌሩ በሰዓት በ9 ዶላር ወረፋ የመጠበቅ ሥራ ተቀጠረ ማለት ነው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የሕጉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ17 ዶላር በላይ ነው። ወረፋ በሌለበት ሰዓት የሚሞላ፣ ወይም መንገዱ ላይ የሆነለት፣ 468ቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው፤ ለእሱ ካርዱ የተረጋገጠ ትርፍ ነው፣ አንድ ሽንኩርት ባይገዛ እንኳ። ለ20 ሳንቲም ብሎ ከተማ ሰንጥቆ የሚሄደው ግን የተረፈውን ቤንዚን በመንገድ ላይ ያቃጥለዋል። መድኃኒት ቤቱን የሚያነሱም አሉ፤ ለእነሱ ያለው መልስ አጭር ነው፣ በብዙ ግዛቶች የኮስትኮን ፋርማሲ ለመጠቀም አባል መሆን አያስፈልግም፤ በሩ ላይ «ፋርማሲ» ማለት ይበቃል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው በመጨረሻ የሚያነሳው ያንን ቁጥር ነው፦ ከ100ው 92 የሚያድሱት ሁሉ ሞኝ ናቸው እንዴ? አይደሉም። ቢሆንም ማደስ ማትረፍን አያስመሰክርም። ካርዱ ከባንክ ካርድ ጋር ተያይዞ ሳይጠየቅ ራሱን የሚያድስበት ቤት ብዙ ነው፤ ሌላው ደግሞ ተበላሸ ብሎ ስድስት ወር የቆየ ዕቃ ያለጭቅጭቅ የመለሰበትን ቀን አይረሳም፤ ሌላው ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እዚህ ላይ ወረቀቱ ካርድ ሆኗል። የሚያስቀው ይህ ነው፣ ከሁሉም የማያደናግረው ሱቁ ራሱ ነው። ዋጋውን በፓውንድና በአውንስ አካፍሎ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ትርፉን ይናገራል፤ መውጫው ላይ ደረሰኙን ከጋሪው ጋር አስተያይቶ በማርከር መስመር ያሰምርበታል። ያቺ መስመር ዕቃው በትክክል መቆጠሩን ትናገራለች። ዕቃው ያስፈልግ እንደነበር የሚያይ፣ እሱም በማርከር የሚያሰምር ሰው ቢቀጠር ኖሮ ግን ብዙ ጋሪ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር።

ለሀበሻ ይህ ሁሉ ስሌት ተገልብጦ የሚነበብበት ቀን አለ። ክርስትና ነው፣ ምርቃት ነው፣ ሠርግ ነው፣ ተዝካር ነው። ያ በስቱዲዮው ቤት ጅራት ያወጣው ባለ 10 ፓውንድ ሽንኩርት ለአንድ ደህና ዶሮ ወጥ በአንድ ከሰዓት ያልቃል፤ እንዲያውም «ሌላ ከረጢት አምጡ» ይባላል። አራት ፓውንድ ሆኖ የሚሸጠው ቅቤ ፈረንጅ ቤት ፍሪዘር ውስጥ እስከ ፋሲካ ይተኛል፤ እኛ ቤት ከኮረሪማውና ከአብሹ ጋር ተነጥሮ ጠርሙስ ከገባ በኋላ ወራት ይቆያል። ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ በጅምላ ገዝቶ ሳይበላሽ ማኖር እናቶቻችን ፍሪዘር ሳያውቁ የሠሩት ነው። ጤፉና በርበሬው ከሀበሻ ሱቅ ይመጣል፣ ውሃው፣ ዘይቱ፣ ዶሮው፣ ሳህኑና ኩባያው ከኮስትኮ። ሃምሳ ሰው በሚመጣበት ቀን ሃምሳው ሎሚ ጌጥ ነው፤ ነገሩ በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ቀን አለ የሚለው ላይ ነው። ሁለት ብቻ ከሆነ ለሌላው 363 ቀን የሚከፈለው ለባዶ ድንኳን ነው። መፍትሔውም ያን ያህል አይርቅም፤ ካርዱን ማበደር አይፈቀድም፣ አንዱ አባልነት የሚሰጠው ለሁለት ሰው፣ ያውም በአንድ አድራሻ ለሚኖሩ ነው፤ ከመውጫው ካለፈ በኋላ ግን ዕቃው የገዢው ነው፣ ከሦስት ጎረቤት ጋር ሽንኩርት መካፈልን የሚከለክል የለም። ዕቁብ የሚጥል ሕዝብ አንድ ጆንያ ሩዝ ለአራት መካፈል እንዴት ያቅተዋል? አገር ቤት የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፤ መመዝገቢያ ተከፍሎ፣ ዕጣ ተገዝቶ አባል ይኮናል። ስኳሩና ዘይቱ ሁልጊዜ ይገኛል አልልም፤ ወረፋውም የታወቀ ነው። ግን አባሉ የሱቁ ባለቤት ነው፣ ትርፍ ሲኖር ይካፈላል፣ ስብሰባ ላይ ተነስቶ ይናገራል። የኮስትኮ አባል ስብሰባ አይጠራም፤ የትርፉ ተካፋይ አክሲዮን የገዛው ነው፣ ካርድ የገዛው አይደለም። «አባል» የሚለው ቃል አንድ ይሁን እንጂ አንዱ ጋ ወንበር ያሰጣል፣ ሌላው ጋ ጋሪ።

ስለዚህ ካርዱ የሚያዋጣው ሦስት አራት ልጅ ላለው፣ ፍሪዘር ላለው፣ ማኅበር ለሚበዛበት፣ ማደያው በመንገዱ ላይ ለሆነለትና ዝርዝር ይዞ ገብቶ ዝርዝሩን ይዞ ለሚወጣው ነው፤ የመጨረሻው ሰው ከሌሎቹ ሁሉ ብርቅ መሆኑን ግን መደበቅ አይቻልም። ብቻውን ለሚኖረውና በአውቶቡስ ለሚሄደው የሰፈሩ ሱቅ፣ ውድ ቢሆንም፣ ይረክስለታል። ማን የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሦስት ወር ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ የተጣለውንና ያልታቀደውን መሰረዝ ይበቃል፤ አንድ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ከተሰረዘው በኋላ የቀረው የማያጠግብ ለሆነበት ደግሞ ኮስትኮ በአባልነቱ ያልረካ ሰው በማንኛውም ጊዜ ካርዱን ቢመልስ የዓመቱን ክፍያ ሙሉውን ይመልሳል። ስድሳ አምስት ዶላር፣ ያለ ጥያቄ፤ ለመመለስ የሚሄድ ሰው ግን ዝርዝር አይያዝ፣ ጋሪም አይግፋ።